በገዛ ቤቴ ውጭ አገር

በተወለድኩበት ቤት፣ እናቴ ባሳደገችኝ መደብ ላይ ተቀምጬ «ውጭ አገር የምትሠራ» ተብያለሁ። እንዲህ ያሉኝ ሰዎች ደባርቅን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። በየት በኩል እንደሆነች ቢጠየቁ እንኳ የሚያውቁ አይመስለኝም። ግን ውጭ ያለሁት እኔ ነኝ አሉ። ነገሩን ሳስታውስ ዛሬም ጆሮዬ ይግላል። ሰው ፊት መናገር ስለማልችል ንዴቱ መውጫ አጥቶ ውስጤ ሲመላለስ ይውላል። ስለዚህ ልጻፈው።

ቤታችን ከደባርቅ ወደ ዳባት በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከተማው አልቆ የገብሱ ማሳ ከሚጀምርበት ላይ ነው። አባቴ ትንሽ ሳለሁ ሞቷል። እናቴ፣ ታላቅ ወንድሜና እኔ ነበርን። እኔ ስድስተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት አቆምኩ። የእናቴ ዓይን እየደከመ ሄዶ ቤቱን የሚይዝ ሰው አስፈልጎ ነበር፤ እኔም ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም ስለሚያስጨንቀኝ ሳልከራከር ቀረሁ። ከትምህርት ቤት ይዤው የወጣሁት ነገር ቢኖር የሰሙትን መጻፍ ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን የቃል ጽሕፈት ሲያስጽፉን የእኔን ደብተር ከፍ አድርገው ለክፍሉ ያሳዩ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ዴስኩ ሥር እገባለሁ።

እህቴ የመጣችው ትምህርት ካቆምኩ ከጥቂት ዓመት በኋላ ነው። እህቴ የምላት ፈረንጅ ናት። ስትመጣ እህቴ አልነበረችም፤ ባሕር ማዶ ያለ የአንድ ዩኒቨርሲቲ ሰው ነበረች። የገጠር ሴቶች እርስ በርሳቸው ሲያወሩ እንዴት እንደሚያወሩ ልታጠና ነው የመጣችው። አማርኛ ትችላለች፤ ግን መጽሐፍ የምታነብ ነው የሚመስለው። ከቤታችን አንዷን ክፍል ተከራየችና ከእኛ ጋር ተቀመጠች።

ጠዋት ጠዋት ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ሴቶቹ ተራ ሲጠብቁ የሚያወሩትን አስፈቅዳ በመቅጃ ትቀዳለች። ቤት ተመልሳ ስታዳምጠው ግን ሞተሩ ይጮሃል፣ ሦስት አራት ሰው ባንድ ጊዜ ይናገራል፣ ግማሹ አይለይላትም። አንድ ቀን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገችልኝ። ጎረቤታችን ሌላዋን ጎረቤታችንን ስትለክፋት ሰማሁ።

«እቴ፣ ያንቺ ባል ከጎንደር ሲመለስ ዳባት ላይ ነው ፉከራ የሚጀምረው። በራችሁ ጋ ሲደርስ ግን ድመት ይሆናል።»

«ድመትስ አይጥ ይይዛል። ያንቺው ከብርድ ልብስ ሌላ ምን ይዞ ያውቃል?»

ሳቄን አፍኜ እንዳለ ጻፍኩላት። አነበበችውና ከእኔ ብሳ ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ሆነ። እሷ ትቀዳለች፣ እኔ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ከሰው ጋር ሳልናገር ከሰው መሀል የምውልበት ሥራ ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ወፍጮ ቤት ስሄድ ሴቶቹ «አፍሽን ሰብስቢ፣ ዝምተኛዋ መጣች፤ ማታ ትጽፍሻለች» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። እኔም ነጠላዬ ውስጥ ሆኜ እስቃለሁ።

በክረምት እህቴ ታመመች። ታይፎይድ ነው አሉን ጤና ጣቢያ። ጉሙ ከበር አልነቃነቅ ያለበት ወቅት ነበር። እናቴ ከራሷ አልጋ ላይ አስተኛቻት፤ አጥሚት እያጠጣች፣ ገላዋን እያጠበች፣ የተፋችውን እየጠረገች ከረመች። ልጅቱ ቆማ መሄድ ስትጀምር ለአስታማሚዋ ልክፈል አለች። እናቴ ፊቷን አዞረች።

«ቤቴ የታመመን ሰው አስታምሜ ዋጋ ልቀበል? ሆቴል ነኝ እኔ?»

እህቴ ደነገጠችና አልቅሳ ይቅርታ ጠየቀች። ግን እንደገና በሌላ በኩል ዞራ ስለ ክፍያው ታነሳለች። በመጨረሻ የእናቴ ወንድም፣ አጎታችን፣ ሲመጡ እናቴ ነገሩን አጫወተቻቸው።

«እንግዲያስ ልጅሽ አድርጊያትና ወሬው ይብቃ» አሉ። «እናትና ልጅ ሂሳብ የላቸውም።»

በእኛ አገር ይህ ቀልድ አይደለም። ባዳ ሰው የቤት ልጅ የሚሆንበት ደንብ አለው። ከፍልሰታ ጾም ፍች በኋላ የንስሐ አባታችን መጡ፣ አጎቴና ሁለት ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እናቴ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነከረችና ደረቷ ላይ አድርጋ ልጇን እንደምታጠባ አጠባቻት። ይህን ያደረገች ሴት የጡት እናት ትባላለች፤ የጠባችውም የጡት ልጅ ናት። ማሩ አገጯ ላይ ፈሰሰ፤ አልጠረገችውም።

«ከእንግዲህ እናትሽ ናት» አሏት የንስሐ አባታችን። «ስትታመም ታስታምሚያታለሽ። ስትሞት ፀጉርሽን ነጭተሽ ታለቅሽላታለሽ። አንቺም እናቲቱ፣ ይቺ ከማህፀንሽ እንደወጣችው ናት። ይህን የካደ እግዚአብሔር ይካደው።»

«አሜን» አልን ሁላችንም። እሷም አሜን አለች።

ወንድሜ ነገሩን ሊያቀለው ፈልጎ «እንግዲህ አላገባትም ማለት ነው?» አለ።

«ድሮስ ማን ሊሰጥህ?» አሉት አጎቴ።

እስከዚያች ቀን እርስዎ እያልኩ ነበር የማናግራት። ከዚያ በኋላ አንቺ አልኳት። ለእኔ ቀላል ነገር አልነበረም። አንቺ የምላት ሰው ከወፍጮ ቤት እስከ ገበያ ስንት ትሆናለች?

ጥናቷ ሲያልቅ ወደ አገሯ ተመለሰች። ያልተጻፈ የተቀዳ ድምፅ ግን ብዙ ቀርቶ ነበር። ላፕቶፑን ከነድምፁ ተወችልኝና ሥራው ከቤቴ ሆኜ ቀጠለ። መብራት ሲኖር እጽፋለሁ፤ ሲጠፋ የላፕቶፑ ባትሪ እስኪያልቅ እጽፋለሁ። በገበያ ቀን ደባርቅ መሀል ከተማ ወጥቼ ከኢንተርኔት ቤት የጻፍኩትን እልክላታለሁ። ደመወዜ ከጥናቱ በጀት በእሷ በኩል በባንክ ይመጣል። በእሱ እናቴን ጎንደር ወስጄ ዓይኗን አሳከምኳት። ከቤት ሳልወጣ፣ ማንንም ሳላስቸግር፣ ቤቴን አቆም ነበር።

በዚያ ዘመን ከሰፈራችን ዓረብ አገር ያልሄደች ልጅ ብትፈለግ እኔ ነኝ። አብረውኝ የተማሩት ሁሉ ሄደዋል። አንዳንዷ ቤት ሠርታ ለወላጆቿ ቆርቆሮ አለበሰች፤ አንዷ በሬሳ ሳጥን መጣች። ወንድሜ ክፉ ሰው አይደለም፤ መሬቱ ጠበበው፣ ሊያገባ ፈለገ፣ እኔም የእሱ ሸክም ሆኜ የምቀር መሰለው። ደላላው ቤታችን ድረስ መጥቶ አንድ ቀን ሙሉ አወራ። ፓስፖርቴም ወጣ። እናቴ ግን እንቢ አለች።

«ሥራ አላት» አለችው።

«በሰው እጅ የሚመጣ ሥራ ሥራ ነው?» አላት ወንድሜ። «እህታችን ነገ ብታገባ፣ ነገ ብትረሳን? ዩኒቨርሲቲው ራሱ ሠራተኛዬ ናት ካለ ትቀመጥ። ካላለ ደላላው እስከ ፋሲካ ነው የሚጠብቀኝ።»

እኔ ያን ጊዜ ምድጃው ጋ ነበርኩ። የሚነጋገሩት ስለ እኔ ነበር፤ የጠየቀኝ ግን አልነበረም። ብጠየቅም የምመልስ አይመስለኝም። እንዲህ ነው ነገሩ የተንጠለጠለው። ዩኒቨርሲቲው ሠራተኛዬ ናት ካለ እቀራለሁ፤ ካላለ እሄዳለሁ።

ከዚህ በኋላ ብዙም ሳይቆይ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ደስ አይልም።

«የዩኒቨርሲቲው ቢሮ በሌላ አገር ላለ ሰው ከበጀቴ እንደምከፍል አየ» አለችኝ። «ደንብ አለ። ውጭ አገር ሆኖ የሚሠራ ሰው በቢሮው መፈቀድ አለበት። ሊያነጋግሩሽ ይፈልጋሉ። አትፍሪ፣ ሥራሽን እኔ ነግሬአቸዋለሁ። ከተፈቀደ በደንብ ይቀጥሩሻል።»

በደንብ ይቀጥሩሻል የሚለውን ለወንድሜ ነገርኩት። «ይኸው ነው የምልሽ» አለና ደላላውን አስታገሰው።

የምንነጋገረው በኢንተርኔት ቤቱ ኮምፒውተር፣ ፊት ለፊት እየተያየን ነው ተባለ። ሌሊቱን ስለዚህ ሳስብ አልተኛሁም። ጠዋት ስነሳ እናቴ የክት ቀሚሷን ለብሳ፣ የነጣ ነጠላዋን አጣፍታ በር ላይ ቆማለች።

«የት ልትሄጂ ነው እማ?»

«ዋስ ልሆንሽ ነዋ። ሰው ያለ ዋስ ይቀጠራል?»

ዋስ አያስፈልግም ማለት አልቻልኩም። የምፈራው ብቻዬን መግባቱን ነበርና እንዲያውም ልቤ አረፈ። በእኛ ዘንድ አስተናጋጅም ብትሆኚ፣ የመጋዘን ጠባቂም ብትሆኚ፣ ስላንቺ የሚናገር፣ የሚታወቅ ሰው ይዘሽ ነው የምትገቢው። እናቴ ያወቀችው ያንን ነው።

የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ጥግ ላይ ያለውን ኮምፒውተር ሰጠን። እናቴ ወደ ስክሪኑ በጣም ተጠግታ ተቀመጠች።

«እማማ፣ እንዲህ ከሆኑማ የሚታያቸው አፍንጫዎ ብቻ ነው» አላት። «ትንሽ ወደኋላ።»

«አፍንጫዬ ምን ሆነ?» አለችና ወደኋላ ሸሸች።

ሁለት ፈረንጆች ታዩ፣ አንድ ሴትና አንድ ወንድ። ከጎናቸው አስተርጓሚ የሆነ ያገራችን ሰው ተቀምጧል፤ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት፣ ከረባት ያሠረ። እህቴ ደግሞ በሌላ መስኮት ለብቻዋ ትታያለች፤ ፈገግ አለችልኝ። እናቴ ሁሉንም ትታ ወደ አስተርጓሚው ዞረች።

«እንዴት ዋላችሁ? አንተ ደግሞ የማን ልጅ ነህ? ከወዴት ነህ?»

«አዲስ አበባ ነው የተወለድኩት እማማ።»

«አባትህስ?»

ሰውየው ተቅለብልቦ ወደ ፈረንጆቹ ዞረና የሆነ ነገር አላቸው። ሳቁ። ከዚያ ጥያቄው ተጀመረ።

ስለ ሥራው ይጠይቁኛል ብዬ ነበር። ስንት ሰዓት የሚሆን ንግግር እንደጻፍኩ፣ ስለ ወፍጮ ቤቱ፣ ስለ ሴቶቹ። አንድም አልጠየቁኝም። ሴትየዋ ከፊቷ ካለው ወረቀት ታነባለች፣ አስተርጓሚው ይተረጉማል።

«የምትሠሪው በየት አገር ሆነሽ ነው?»

«ደባርቅ» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም፤ እናቴ ደገመችልኝ። «ደባርቅ! ከቤቷ!»

«የምትቀመጪበት ወንበር ለጀርባሽ መደገፊያ አለው ወይ?»

«መደብ ላይ ነው» አልኩ። አስተርጓሚው መደብን እንዴት እንደተረጎመው አላውቅም፤ ሴትየዋ ቅንድቧን አነሳችና ጻፈች።

«ግድግዳ አለው፣ ትደገፋለች» አለች እናቴ።

«የእሳት ማጥፊያ በቤት ውስጥ አለ ወይ?»

«ውሃ በእንስራ አለ» አለች እናቴ። «እሳት ደግሞ ለምን ይነሳል? እናንተ ቤት ይነሳል?»

የኢንተርኔት ቤቱ ልጅ ከኋላዬ ሲስቅ ሰማሁት። እኔ እጆቼን ጉልበቶቼ መሀል አድርጌ ፊቴ ሲቃጠል ይሰማኛል። ስለ ወንበርና ስለ እሳት የሚጠይቀኝ ሰው እስከዛሬ አግኝቼ አላውቅም እያልኩ አስባለሁ። ባሕር ማዶ ያለ ሰው ለጀርባዬ እንዲህ ያስባል፤ ነገ ከነጀርባዬ ዓረብ አገር ልሄድ መሆኔን ግን የሚጠይቀኝ የለም። ያን መናገር ነበረብኝ ይሆናል። አፌ አልተከፈተም።

ከዚያ የመጨረሻው ጥያቄ መጣ።

«ሥራውን ከምታሠራሽ ተመራማሪ ጋር ዝምድና አላችሁ ወይ?»

እህቴ በመስኮቷ ውስጥ ቀና ስትል አየኋት። አፏን ከፈተች። እናቴ ግን ቀደመቻት። ይህ ጥያቄ ለእሷ የመጣ ጥያቄ ነበር፤ ለዚህ ነው የክቷን የለበሰችው። ስለ ልጇ ዋስ ልትሆን የመጣች ሴት ቀጣሪዋና ተቀጣሪዋ እህትማማች መሆናቸውን ካልተናገረች ምን ልትናገር ነው?

«እህቷ ናት እንጂ!» አለች። «ሁለቱም ልጆቼ ናቸው። ያቺን በማር አጥብቻታለሁ፣ ካህን ባለበት፣ ሽማግሌ ባለበት። አንድ ቤት ናቸው፤ እንዳትጠራጠሩ።»

አስተርጓሚው አዲስ አበባም ቢወለድ፣ የጡት ልጅ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ከፊቱ አየሁበት። እናቴን አየ፣ እኔን አየ፣ አቀረቀረ፤ ከዚያ ተረጎመው። ሴትየዋ ብዙ ጻፈች። እህቴ መዳፏን ግንባሯ ላይ አደረገች።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ ደስ ብሏታል።

«ደህና ሰዎች ናቸው» አለችኝ። «ሌላውን ሁሉ በጥቂቱ ነው የጻፉት፣ ዝምድናችንን ስነግራቸው ግን አየሽ እንዴት እንደጻፉት?»

መልሱ በሳምንቱ መጣ። እህቴ ደውላ ቀስ ብላ ነገረችኝ። በዩኒቨርሲቲው ደንብ፣ ዩኒቨርሲቲው እንደ አሠሪ ባልተመዘገበበት አገር ያለን ሰው መቅጠር አይችልም። የታክስ ነገር አለ፣ የሕግ ነገር አለ፣ የመድን ነገር አለ። ሁለተኛ ደግሞ፣ ሠራተኛ የቅርብ ዘመዷን ቀጥራ ማሠራት አትችልም።

«እኔ እኮ ውጭ አገር አይደለሁም» አልኳት። «ቤቴ ነኝ።»

«ለእነሱ ውጭ አገር ነሽ።»

«አንቺ እዚህ ስትሠሪስ?»

«እኔም ውጭ አገር ነበርኩ። ለእኔ ግን ይፈቀዳል። የዚያ አገር ሰው ከሆንሽ ፈቃድ ጠይቀሽ ትሄጃለሽ፣ መድን ይገቡልሻል፤ አስቸጋሪ ቦታ ከሆነም ይጨምሩልሻል።»

«አስቸጋሪ የተባለው የእኛ ቤት ነው?»



እኔ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ስልክ ስለሆነ፣ ፊቷን ስለማላይ ይሆናል። እሷ አገሬ መጥታ ብትሠራ ውጭ አገር ሄደች ተብላ ትደገፋለች፤ እኔ አገሬ ብቀመጥ ውጭ አገር ነች ተብዬ እባረራለሁ። ታዲያ ከሁለታችን አገር ቤት ያለችው የትኛዋ ናት? አገር ቤት ማለት የእነሱ ቢሮ ያለበት ብቻ ነው ማለት ነው። ይህን ደንብ የጻፈ ሰው ክፉ ነው አልልም። አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ፣ ሰው ሁሉ ከዚያ ክፍል ወጥቶ ተመልሶ የሚመጣ መስሎት ነው የጻፈው። ከመጀመሪያውም ሌላ ቦታ የተወለደ ሰው አልታየውም። ያ ደግሞ ከክፋት አይሻልም።

እህቴ ቀጠለች። «አንድ መንገድ ሊኖር ይችላል። አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ቀጥሮሽ፣ ዩኒቨርሲቲው ከድርጅቱ ጋር ሊዋዋል ይችላል። ግን መጀመሪያ ዝምድናው መነሳት አለበት። እማ ‹እውነተኛ ልጄ አይደለችም፣ ልማድ ነው ያደረግነው› ብላ ብትናገርልኝ...»

ይህን ለእናቴ የነገርኳት እኔ ነኝ። ጥጥ እየባዘተች ነበር። እጇ ቆመ።

«ልጄ አይደለችም በዪ ነው የምትይኝ?»

«እነሱ ናቸው እማ። እንዲያ ካልሽ እኔ እቀራለሁ።»

በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያስለቀሳት ነገር ምን እንደሆነ አውቃለሁ። እኔን ለደላላ እንዳትሰጥ ያንን አንድ ቃል መናገር ብቻ ነበር የሚጠበቅባት። ከማህፀኗ የወጣሁት እኔ ነኝ። ግን ካህን ፊት አሜን ብላለች።

«በየትኛው አፌ?» አለች። «ማሩን በየትኛው እጄ ላስተፋት? ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አንዷን ለማስቀረት አንዷን ካጂ የሚል ምን ዓይነት ቀጣሪ ነው? እንዲህ ያለውስ ቢቀጥርሽ ምን ያደርግልሻል?»

ተናደድኩባት። አልናገርም እንጂ ተናድጄ ከብቶቹን ልመልስ ብዬ ወጥቼ ማሳው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ ወጥተው የሰው ገብስ እየበሉ ነበር፤ አላባረርኳቸውም።

ጥቂት ቀን ቆይቶ እህቴ እንደገና ደወለች። ኔትወርክ የሚያዘው እዚያው ማሳው ጫፍ ላይ ስለሆነ እዚያ ሆኜ ነው ያነሳሁት።

«እማ መናገር አልቻለችም አይደል?» አለች። «ግድ የለም፣ እኔ ነገርኳቸው። ልማድ ነው እንጂ እውነተኛ ዝምድና አይደለም ብዬ በፊርማዬ አረጋገጥኩላቸው። ዝምድናውን ሰርዘውታል።»

«ምን አልሽ?»

«ሰርዘውታል። ከእንግዲህ ዘመዳሞች አይደሉም ተብሏል።»

«እሺ፣ ሥራውስ?»

ትንፋሿ ተሰማኝ። «አዲስ አበባ ያለውን ድርጅት አልተቀበሉትም። አገሩ ዝርዝራቸው ውስጥ የለም አሉ። ብዙ ለመንኳቸው። አልሆነም።»

«ታዲያ ለምን ካድሽን?»

«ለአንቺ ብዬ ነው እኮ! በእነሱ ቋንቋ ነው የተናገርኩት፤ እነሱ የሚገባቸው እንደዚያ ነው።»

«ቃሉ የወጣው ከእነሱ አፍ ነው ከአንቺ?»

ማልቀስ ጀመረች። እኔ ስልኩን ዘጋሁት። እህቴ ላይ ስልክ ስዘጋ ያ የመጀመሪያዬ ነው። ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸው ነው። እምቢ ያሉት አገሬን ነው፤ አገሬን እምቢ ማለታቸው ደግሞ ከመጀመሪያውም የታወቀ ነበር። የእናቴ ማር ያለምክንያት ተሰረዘ።

ለእናቴ አልነገርኳትም። «አልሆነም» ብቻ አልኳት። «እህትሽ ደክማለች ይሆናል» አለችኝ፤ «እግዜር ይስጣት።»

ከዚያ ላፕቶፑ የዩኒቨርሲቲው ንብረት ስለሆነ ይመለስ ተባለ። ጎንደር ለጉብኝት የመጣ የሚያውቃት ሰው ደባርቅ ወጥቶ ተቀበለኝ። አብሶ በቦርሳው ከተተው። በውስጡ ጎረቤቶቼ ሁሉ ነበሩ። ባሏን ድመት ያለችው፣ ድመትስ አይጥ ይይዛል ያለችው፣ እህቴ በታመመችበት ክረምት የሞቱት አሮጊት ሳይቀሩ። ሳቃቸውና ሳላቸው ሳይቀር የዩኒቨርሲቲው ንብረት ነው። ድምፃችን ያለ ፓስፖርት፣ ያለ ወንበር መደገፊያ ድንበር ተሻግሮ ይገባል። ሰሚዋ ብቻ ናት የማትገባው።

ፋሲካ ሲያልፍ ሄድኩ። ደላላው ከደባርቅ መናኸሪያ በሚኒባስ አሳፈረኝ። ዳባት ላይ ሚኒባሱ ሰው ሊጭን ሲቆም፣ አንዲት ሴት በመስኮት የበሰለ ድንች ልትሸጥልኝ እጇን ዘረጋች። «ወዴት ነሽ የኔ ልጅ?» አለችኝ። «ውጭ አገር» አልኳት። ያን ጊዜ ነው ቃሉ አፌ ውስጥ የመረረኝ። ውጭ አገር ምን እንደሆነ ያኔ ገና ልጀምረው ነበር፤ ሁለተኛ ጊዜ የምሄድ ያህል ግን ደክሞኝ ነበር።

እዚያ ስለነበርኩበት ቤት ብዙ አልጽፍም። ማዳም ስልኬን ትቀማኛለች፤ አንዳንድ ቀን ትመልስልኛለች። ከተመለሰልኝ ቀናት በአንዱ የእህቴን መልእክት አገኘሁ። በደስታ የተጻፈ ነበር። ያለሁበት አገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲው ቅርንጫፍ እንዳለው አጣርታለች፤ አገሩ ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ከዚያ ሆኜ ብሠራ ደንቡ ይፈቅዳል። ጊዜ ካለሽ ንገሪኝ ትላለች። እጄ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ነበር። ከማዳም ኩሽና ሆኜ የደባርቅን ሴቶች ንግግር ብጽፍ ይፈቀዳል፤ ከደባርቅ ሆኜ ብጽፍ አይፈቀድም። ሁለቴ አነበብኩትና አጠፋሁት። መልስ አልሰጠሁም።

ኮንትራቴን ጨርሼ ተመለስኩ። ወንድሜ አግብቷል። የእናቴ ዓይን አሁን ፊት እንጂ ጽሑፍና ቁጥር አይለይላትም። ስለዚህ በየበዓሉ ስልኩን ይዛ ወደ እኔ ትመጣለች።

«ለእህትሽ ደውዪልኝ።»

ቁጥሩን የምጫነው እኔ ነኝ። ሲጠራ እሰጣታለሁ። እሷ በር ላይ ፀሐይ ተቀምጣ፣ ድምፅዋን ባሕሩን እንዲሻገር ከፍ አድርጋ ታወራለች።

«ልጄ፣ በላሽ? ጠጣሽ? ብርዱስ? መቼ ነው የምትመጪው? እኔ እኮ እያረጀሁ ነው፤ ስሞት ቆመሽ ካላለቀስሽልኝ ሰው ምን ይላል?»

ከስልኩ ውስጥ ቀጭን ድምፅ «እመጣለሁ እማ፣ እመጣለሁ» ሲል ለእኔም ይሰማኛል። ውሸቷን አይመስለኝም፤ ትወዳታለች። ያ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኛል። መደቡ ላይ ተቀምጬ፣ ጀርባዬን ግድግዳው ላይ አስደግፌ እጠብቃለሁ።

እናቴ ጨርሳ ስልኩን ትመልስልኛለች።

«እህትሽ ሰላም ብላሻለች።»

«እግዜር ይስጣት» እላለሁ፤ ስልኩን እዘጋዋለሁ።